የዶክተሯ አባት

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህን ፎቶ ታውቁታላችሁ። ጥቁር ካባ፣ አራት ማዕዘን ቆብ፣ በእጅ የተያዘ ጥቅል ወረቀት፣ ከኋላ የታጨደ ሣርና ቀይ የጡብ ሕንፃ። በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል፣ መስታወት ይገባለታል፣ ከእመቤታችን ሥዕልና ከአያት ፎቶ አጠገብ ይሰቀላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ የወንድሜ ልጅ ናት፣ አሜሪካ ያለችው» ይባልበታል። እኔም እንዲሁ ደምቢያ ውስጥ አክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅያለሁ። ከፎቶዬ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ፣ ስሜ ሰፍሯል። ከስሜ በፊት «ዶክተር» የሚል ቃል አለ።

ዶክተር አይደለሁም። ሐኪም አይደለሁም፤ በሌላ ትምህርትም ዶክተር ተብዬ አላውቅም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የትራፊክ መብራት መሐንዲስ ነኝ። አንድ መብራት ስንት ሴኮንድ ቢጫ ሆኖ እንደሚቆይ፣ እግረኛ ለመሻገር ስንት ሴኮንድ እንደሚያገኝ፣ ጠዋት መኪናው ሁሉ ወደ ዋሽንግተን ሲጎርፍ ለየትኛው መንገድ አረንጓዴው እንደሚረዝም የምናሰላ ሰዎች አለን። ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ የምትራገሙት እኛን ነው። ይህን ጽሑፍ እናቴ አንብባ አማርኛዬን አቃንታልኛለች። ሁለት ቦታ ላይ «ይህንንስ ተይው» ብላኝ ነበር፤ አልተውኩትም።

አባቴ የተወለደው በ1952 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ላይ ነው። ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት አገር ነው። ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይቶ እንዲማር ላኩት። አያቴ ዳቦ ቆሎና በሶ እየሰነቀች በገበያ ቀን ትልክለት ነበር። 11ኛ ክፍል ደርሶ ነበር፤ ሐሳቡም ከ12ኛ በኋላ እዚያው ጎንደር የጤና ኮሌጅ መግባት ነበር። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ስለዚያ ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ የነገረኝ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጓደኞቼን ወሰዷቸው። እናቴ ሂድ አለችኝ። ሄድኩ።»

በ1970 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። ገዳሪፍ አካባቢ ሰሊጥ አጨደ፣ ካርቱም ሳህን አጠበ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕጓን ስታወጣ ከሱዳን ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚያ በር ገቡ፤ አባቴም እ.ኤ.አ. በ1982 ዋሽንግተን ደረሰ። 22 ዓመቱ ነበር። የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነበር፤ እሱ ድንበር በተሻገረበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ጎንደር ውስጥ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህን እያነሳ ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠራ። ቀጥሎ ታክሲ። ዋሽንግተን የኖራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ የከተማው ታክሲ ለብዙ ዘመን ሜትር አልነበረውም። ከተማው በዞን ተከፋፍሎ ሒሳቡ የሚታሰበው ስንት ዞን ተሻገራችሁ ተብሎ ነበር። የዞኑ ካርታ ከኋላ ወንበር ፊት ለፊት ይለጠፍ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከፊደል ገበታ ቀጥሎ ማንበብ የተማርኩት ያንን ካርታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜትር ተገጠመ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ኡበር መጣ፣ የአባቴም የሥራ ሰዓት ከ12 ወደ 14 አደገ። ገቢው ግን አላደገም።

አባቴ ከሆስፒታል በር ላይ ሰው መጫን ይወድ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከገባለት ዕለቱ በዓል ነው። «ልጄ ሐኪም እንድትሆን ምን ማድረግ አለብኝ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አንድ ቀን አንዱ ተሳፋሪ ተጠቅሞ የጨረሰውን፣ ኤምካት ለሚባለው የሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና መዘጋጃ የሆነ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ሰጠው። አባቴ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። 14 ዓመቴ ነበር። መጽሐፉ እስከማገባ ድረስ እዚያው ነበር፤ ጠርዙ ላይ የሻይ ስኒዬን እያስቀመጥኩ ክብ ክብ ምልክት አበጅቼበታለሁ።

እንደ ብዙዎቻችሁ አባቶች የሚቆጣ ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር። ተቆጥቶ አያውቅም። የእሱ ዘዴ ሌላ ነበር፤ የማደርገውን ሁሉ ወደ ሕክምና የሚወስድ መንገድ አድርጎ ይቆጥረዋል።

«አባዬ፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግ መርጫለሁ።»

«ጎሽ! ሒሳብ ለሐኪም መሠረቱ ነው።»

እ.ኤ.አ. በ2009 ስመረቅ፦ «እንኳን ደስ ያለሽ። ሕክምናው መቼ ይጀመራል?» ማስተርሴን ስይዝ፦ «ጥሩ ነው፤ አመልካቾች በዝተዋል፤ ማስተርስ ያለው ይቀድማል።» ሳገባ፦ «ባልሽ ያግዝሻል።» ስወልድ፦ «ስንት ሰው ከወለደ በኋላ ነው የሚገባው!» 32 ዓመት ሆኖኝ፣ ልጅ ታቅፌ፣ የቤት ብድር እየከፈልኩ አባቴ ዘንድ ገና አልጀመርኩም ነበር። «ለራስሽ ነው እንጂ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል» ይለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ሥራዬን በደንብ ላስረዳው ሞክሬያለሁ። በእሱ ታክሲ እየሄድን ቀይ መብራት ያዘንና «ይሄ የእናንተ ሥራ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። ከዚያ ነገርኩት፤ እግረኛ መንገድ ሲያቋርጥ በሴኮንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነበር የሚሰላው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የፌዴራል መመሪያ ወደ 1.07 ሜትር ዝቅ አደረገው፤ ሽማግሌዎችና ዱላ የያዙ ሰዎች በዚያ ፍጥነት አይደርሱማ። 18 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ ይህ ማለት ከ15 ሴኮንድ ወደ 17 ሴኮንድ ማለት ነው። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ አንዲት አሮጊት እግረኛ መንገዱ ላይ ትወጣለች። አባቴ በጥሞና ሰማኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ማርሹን እያስገባ «ሐኪም ብትሆኚ ግን ተገጭታም ታድኛታለሽ» አለኝ።

ምን ትሉታላችሁ? እኔ መስኮቱን ከፈትኩ።

አባቴ በኅዳር 2012 ዓ.ም. በ60 ዓመቱ ሞተ። ልቡ ነበር። ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ። እናቴ እራት ልታቀርብ ስትመጣ ታክሲው በር ላይ እንደቆመ ሞተሩ ገና ሞቃት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ውጭ አገር የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ግማሹን አትሰሙም። የሞት ወረቀት፣ የማድረቂያ መድኃኒት፣ የኤምባሲ ማኅተም፣ የካርጎ ሒሳብ። እድሩ ባይኖር ኖሮ እንዴት እንደምንወጣው እንጃ። እኔ በእንግሊዝኛ ስልክ እየደወልኩ ስለ አባቴ «ክብደት» ስነጋገር ዋልኩ፤ ሳጥኑ በኪሎ ይመዘናላ። ማልቀስ የቻልኩት በአራተኛው ቀን ነው።

የት ይቀበር በሚለው ላይ ቤታችን ተከራክሯል። እሱ «አፈሬ ደምቢያ ነው» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ይህን ያልሰማ ዘመድ የለም። እናቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ደምቢያን ያየችው አንድ ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ «ኑዛዜው ይፈጸም» እያለ ሲናገር ዝም ብላ ቆየችና «እኔስ እሁድ እሁድ የት ሄጄ ላልቅስ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ሲነጋ ራሷ «ውሰጂው» አለችኝ። ጉልበቷ አውሮፕላን አይችልምና አብራን አልሄደችም። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው ዱለስ አየር ማረፊያ ካርጎ በር ላይ ተሰናበተችው።

ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስተን፣ ዓባይን ወርደን ወጥተን፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ጎንደር አደርን። በማግስቱ ጠዋት ቆላ ድባን አልፈን መንደሩ ስንደርስ ሰው ሜዳውን ሞልቶት ነበር። እኔ ከዚያ በፊት ለቅሶ የማውቀው ሜሪላንድ ውስጥ በተከራየ አዳራሽ፣ በወረቀት ሳህን ነው። ደረቷን እየደቃች የምታለቅስ ሴት አይቼ አላውቅም። አስለቃሿ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበረች። አባቴን በማኅፀንዋ የተሸከመችው ይመስል ከልጅነቱ ጀምራ ታወሳው ጀመር፤ ስንቁን፣ ስደቱን፣ ለመንደሩ የላከውን የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና ድምጿን ከፍ አድርጋ «የዶክተሯ አባት» አለችው። ሕዝቡ ተቀበላት። የዶክተሯ አባት። የዶክተሯ አባት።

መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየመጣ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ዶክተር» ይላሉ፤ ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ይጠቀልላሉ። አንዷ ጉልበቷን አሳየችኝ። አንዱ ዓይኑን። አንድ አዛውንት ጎንደር የተነሱትን ራጅ ከፌስታል አውጥተው ወደ ፀሐይ አነሱልኝ። የደረት አጥንታቸውን አየሁት፤ ከኋላው ሰማይ ይታያል።

«አባቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አልኳቸው። «የመንገድ መሐንዲስ ነኝ።»

ራጁን በቀስታ አጠፉት፤ ወደ ፌስታሉ መለሱት። ቅር ያላቸው መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው «ታዲያ የእኛን መንገድ ምን አስበሽለታል?» አሉኝ።

ማታ ላይ አጎቴን ለብቻው አገኘሁት። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ተቀምጧል። ዶክተር አለመሆኔን ለሁሉም ብነግራቸው አባቴን ማዋረድ እንደሚሆንብኝ፣ ዝም ብል ደግሞ ሰው በሽታውን ይዞ እንደሚጠብቀኝ ነገርኩት። «እኛማ እናውቃለን» አለኝ።

«ምኑን?»

«ዶክተር አለመሆንሽን። የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ሆና በፌስቡክ አይታሽ ነበር። ቆብ አድርገሽ፣ መንገድ ላይ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሰሽ። ሰባት ዓመት አልፎታል።»

«ለአባዬ ነገራችሁት?»

አጎቴ እንደ ሕፃን ነው ያየኝ። «ታላቅ ወንድሜን በስልክ ላሳፍረው?»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1998 ዓ.ም. አያቴ ታማ ሳለች አባቴ በስልክ አገኛት። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ መግባቴ ነው። አያቴ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ልጅህ ሐኪም ሆነችልህ?» እሱም «ሆናለች፣ እናቴ» አላት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ለሟች የተነገረ ቃል ደግሞ አይመለስም። ከዚያ በኋላ በየስልኩ «ዶክተሯ እንዴት ናት?» ሲባል «ደህና ናት» ይላል፤ ፎቶውን ሲልክም እንደዚያ ብሎ ጻፈበት። እነሱም ካወቁ በኋላ «ዶክተሯ እንዴት ናት?» ማለታቸውን አላቋረጡም። እሱ እነሱን ላለማሳዘን፣ እነሱ እሱን ላለማሳፈር፣ ሰባት ዓመት በውድ የስልክ ካርድ እንዲህ ሲባባሉ ኖሩ። ጎረቤቱ ግን እውነት መስሎት ነበር።

ለምን ሐኪም? ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት። የ73 ዓመት ሴት ናት፣ የአባቴ ታላቅ። በሰልስቱ ማግስት፣ ሰው ሲበተን፣ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት።

እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ገባ። አክስቴ ወባ አትለውም፣ ንዳድ ነው የምትለው። በዚያ ወረርሽኝ ሺዎች አልቀዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 የመጣው ደግሞ አገሪቱን አዳርሶ ወደ 150 ሺህ ሰው ፈጅቷል ተብሎ ይገመታል። አያቴ በደምቢያው ንዳድ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ልጆች ቀበረች። ሁለቱም የአክስቴ ታናናሾች ነበሩ። አዝመራው ሜዳ ላይ ቀረ፤ የሚያጭድ ሰው አልነበረም። «ሬሳ የሚያወጣ ወንድ ጠፍቶ ሴቶች አወጣን» ትላለች አክስቴ ምጣዱን እያሰሰች።

በዚያ እልቂት ሳቢያ ነው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው። ጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ ደምቢያም ከመጀመሪያዎቹ መለማመጃ ቦታዎች አንዱ ሆነ። አክስቴ በኋላ እሷም ንዳድ ያዛትና ተስፋ ተቆርጦባት ሳለ አንድ ወጣት ጤና መኮንን በበቅሎ መጣ። ኪኒን ሰጣት። ማታውን እዚያው አደረ፣ በማግስቱም ተመልሶ አያት። ዳነች። አያቴ ያንን ልጅ እግሩን አጠበችው፤ ሲሄድም ከኋላው እያየች «ይህን የወለደች እናት ምን በልታ ነው?» አለች። አባቴ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ሳይወለድ ሥራው ተቆርጦለት ነበር።

እንግዲህ ይህ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የሻይ ስኒ የማስቀምጥበት መጽሐፍ ከዚያ በቅሎ ጋር የተያያዘ ነበር። አባቴ መተማን ሲሻገር ይዞት የሄደው የራሱን ምኞት አልነበረም፤ የእናቱን ነበር። ሳይሳካለት ሲቀር ለእኔ አሳለፈው፤ ማንነቱን ግን አልነገረኝም። «ለራስሽ ነው» አለኝ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ያን ምሽት ያዘንኩት ያህል ተናድጄ ነበር። እናቴ ተይው ካለችኝ ቦታ አንዱ ይህ ነው። ሰው ሞቶ በሰልስቱ መናደድ ነውር ነው ትላለች። ግን ተናደድኩ። 32 ዓመት አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ታክሲ ውስጥ፣ ስለ ቦርድ ፈተናና ስለ ደሞዝ መጠን ያን ያህል ሲያወራኝ ስለ ሁለቱ ሕፃናት አንድ ቀን አለማንሳቱ ያቃጥለኝ ነበር። ስማቸውን እንኳ የሰማሁት ከአክስቴ ነው። «ሐኪም ደህና ገንዘብ ያገኛል» ያለኝ ሰው ስለ ገንዘቡ ሲያስብ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ልጅ ሆኜ የሰማሁት ገንዘቡን ብቻ ነው፤ ደስም አላለኝ።

ታሪኩን ባውቅ ሐኪም እሆን ነበር? አይመስለኝም። ደም ሳይ ያዞረኛል፤ መንገድና ቁጥር ደግሞ ከልጅነቴ፣ ከዚያ የዞን ካርታ ጀምሮ እወዳለሁ። ግን መጽሐፉን እንደ ቅጣት አላየውም ነበር። እምቢታዬም ሌላ ዓይነት እምቢታ ይሆን ነበር፤ ከአባቴ ጋር ሳይሆን ከአያቴ ጋር የምነጋገረው ጉዳይ ይሆን ነበር። ከአያቴ ጋር ደግሞ እስማማ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሁለት ሴኮንዱ ይገባት ነበር።

ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ እናትና አባቶች፣ ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም። ልጃችሁ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ፓይለት እንድትሆን መመኘት መብታችሁ ነው፤ የመጣችሁበትንም መንገድ አውቃለሁ። የምለምናችሁ ምኞቱ ከየት እንደመጣ አብራችሁ እንድትነግሯት ነው። ልጆቹ አይገባቸውም ብላችሁ ዝም አትበሉ። ከእኛ ይልቅ ፊልም የሚያስለቅሳቸው እየመሰላችሁ ትሳሳታላችሁ፤ እኛ ስለ ቤታችን የሚነግረን አጥተን ነው። አማርኛችን ካልበቃ በግማሽ እንግሊዝኛ ንገሩን። ታክሲ ውስጥ ንገሩን፤ ፊት ለፊት ካለመተያየቱ የተነሳ ይቀላል።

አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ፣ ስልክ ስትደውሉ «ልጅህ ምን ሆነችልህ?» ከማለታችሁ በፊት አንድ አፍታ አስቡ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው 14 ሰዓት ነድቶ የገባ ሊሆን ይችላል። እኔ የአጎቴን ቤተሰብ አልወቅስም፤ ያደረጉለት ነገር ካየሁት ፍቅር ሁሉ የረቀቀ ነው። ግን አንድ ቀን አጎቴ በስልክ «ወንድሜ፣ መሐንዲስም እኮ ጥሩ ነው» ቢለው ኖሮ ብዬ አስባለሁ። አባቴ ይህን ከእኔ አይቀበልም ነበር። ከታናሽ ወንድሙ ይቀበል ነበር ወይ? አላውቅም።

ከመመለሴ በፊት አጎቴ ከፎቶው ሥር ያለውን ቃል እንፋቀው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተዉት አልኩ። ለእኔ ክብር አይደለም፤ ደምቢያ ውስጥ የቀረው የአባቴ የእጅ ጽሑፍ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። «ዶ»ን ሲጽፍ ራሱን ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብለዋል።

አርባውን እናቴ ቤት አወጣን፤ ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጥቶ ዓለም ተዘጋ፤ ሙት ዓመቱን በዙም አደረግን። እናቴ እሁድ እሁድ የት እንደምታለቅስ ራሷ መፍትሔ አገኘችለት። ታክሲውን ስንሸጥ ያን አሮጌ የዞን ካርታ አስቀርታው ነበር፤ አባቴ ሜትር ከመጣም በኋላ አልጣለውም። ማብሰያ ቤት፣ የቡናው ረከቦት አጠገብ ሰቅላዋለች። እሁድ ቡና ስታፈላ ጭሱ ወደዚያ ይሄዳል። አንዳንዴ ጣቷን ካርታው ላይ አድርጋ ከቤታችን እስከ ጆርጅታውን ትሄዳለች። እኔ ያን ጊዜ ሳህን አጥባለሁ፤ ዞር ብዬ አላይም።

ባለፈው እሁድ ልጄም እዚያ ነበረች። 9 ዓመት ሞልቷታል፤ አያቷ ፈንዲሻ እየሰጠቻት «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» አለቻት። እጄ ሳሙናው ውስጥ ቆመ። እኔ ይህን ጥያቄ ልጄን ጠይቄያት አላውቅም፤ ማንም እንዳይጠይቃት ስጠነቀቅ ነው የኖርኩት።

«ሐኪም» አለች ልጄ።

እናቴ ስኒውን አስቀመጠች።

«የእንስሳት» አለች ልጄ ቀጥላ፤ አፏ ፈንዲሻ ሞልቷል።

እናቴ ግን ስልኳን አንስታ ነበር። «ተይ እማዬ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው» አልኳት። «ለአክስትሽ ብቻ» አለች። ደምቢያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። አክስቴ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች፤ እናቴ ስፒከሩን ከፍታ እየጮኸች ነገረቻት። መስመሩ ላይ ጥቂት ዝምታ ሆነ፤ ውሻ ሲጮህ ይሰማል።

«የሰው ነው የከብት?» አለች አክስቴ።

«የከብት።»

«እሰይ» አለች። «የእኔዋ ላም ከሐሙስ ጀምራ አልበላችም። እስቲ ልጅቷን አቅርቢልኝ።»